የሚቆለፍ ፓርኬ በደጋ ቤት፦ ያለ ኮላ፣ ያለ ምስማር

አርሲ ውስጥ ጎበሳ ላይ አዲስ ሳሎን የሠራ ሰው ወለሉን በተመለከተ ከጥቂት ዓመታት በፊት ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ወይ ሊሾውን አለስልሶ ፕላስቲክ ምንጣፍ ማልበስ፣ ወይ ጣውላ ማስመታት፣ ገንዘብ ካለ ደግሞ ሴራሚክ። ሴራሚክ ለማጽዳት ይመቻል፤ በሐምሌ ማለዳ በባዶ እግር የረገጠው ሰው ግን ለምን ለአርሲ ደጋ እንደማይመች ያውቃል። አሁን በካርቶን ታሽጎ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ ወይም ከአሰላ የሚጫነው ላሚኔት ፓርኬ ብዙ ቤት እየገባ ነው። ዋጋው ከእውነተኛ የእንጨት ፓርኬ ይቀንሳል፣ እግር አያቀዘቅዝም፣ እጁን የሚያምን ሰውም ያለ ባለሙያ ራሱ ሊያነጥፈው ይችላል።

አናጢውን ግራ የሚያጋባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ወለል ከቤቱ ጋር በምንም አይያያዝም። ምስማር አይመታበትም፣ ማስቲሽ አይቀባበትም። ሳንቃዎቹ የተያያዙት እርስ በርሳቸው ነው፤ ወለሉ በሙሉ እንደ ሰሌን ሊሾው ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ከታች የሚነበበው እያንዳንዱ ምክር ከዚህ የሚነሳ ነው። ሲነጠፍ የሚበላሸውም ባብዛኛው አንድ ሰው ይህን ሳያምን ቀርቶ የሆነ ቦታ ላይ ምስማር ሲመታበት ነው።

መጀመሪያ ቁልፉን በዓይን ማየት ይጠቅማል። ከካርቶኑ ሁለት ሳንቃ ያውጡና የረጅሙን ጎን ጠርዝ ወደ ብርሃን ያቅርቡት። በአንዱ ወገን ወደ ውጭ የወጣ ምላስ አለ፣ በሌላው ወገን ምላሱን የሚቀበል ቦይ። እስከዚህ ድረስ አናጢዎቻችን ወንዴና ሴቴ ከሚሉት የጣውላ መጋጠሚያ አይለይም። ልዩነቱ ያለው ከታች ነው። የቦዩ የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ይረዝማል፤ ጫፉ ላይም ሽቅብ የተነሳች ትንሽ ጉብታ አለች። የምላሱ ሆድ ደግሞ ያችን ጉብታ የሚቀበል ጎድጓዳ ተቆርጦለታል።

አንዱን ሳንቃ መሬት ላይ ያስተኙ፤ ሌላውን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ምላሱን ቦዩ ውስጥ ያስገቡ። እንዳዘነበለ ያለ ትግል ይገባል፣ ያለ ትግልም ይወጣል። ገፋ እያደረጉ ወደ ታች ሲያስተኙት ግን ምላሱ ከላይኛው ከንፈር ሥር ይሸጎጣል፣ ጉብታዋም ጎድጓዳው ውስጥ ትቀመጣለች። ከዚያ ወዲያ ሽቅብ እንዳይነሳ ከንፈሩ ይይዘዋል፣ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ጉብታዋ ትይዘዋለች። በብዙዎቹ ምርቶች ላይ ጉብታዋና ጎድጓዳው ሆን ተብሎ በጥቂቱ እንዲጣበቡ ተደርገው ይቆረጣሉ። ስለዚህ ሲቆለፍ የታችኛው ከንፈር በመጠኑ ይለጠጣል፤ ወደ ቦታው ልመለስ ሲልም ሁለቱን ሳንቃዎች አንዱን ወደ አንዱ ይስባቸዋል። ድሮ ኮላ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን የሚሠራው ይህ ውጥረት ነው። አሁን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ጎን ይጎትቷቸው፤ አይላቀቁም። አንዱን መልሰው ቀና ቢያደርጉት ግን ወዲያው ይከፈታል።

ብልሃቱ ከተፈጠረ ብዙ ዘመኑ አይደለም። ላሚኔት ወለል ራሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 በስዊድኑ ፐርስቶርፕ ኩባንያ የተፈለሰፈ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ምላሱ ኮላ እየተቀባ ነበር የሚገጠመው። ያለ ኮላ የሚቆለፈው በ1996 ከሌላ የስዊድን ኩባንያ፣ ከቬሊንጌ መጣ፤ በዓመቱ የቤልጅየሙ ዩኒሊን ዩኒክሊክ የተባለውን የራሱን ቁልፍ አወጣ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ፓርኬ፣ የትም ይመረት የት፣ የእነዚህ የሁለቱ ዘር ነው። አርሲ ስዊድንን የሚያውቃት በ1967 አሰላ ላይ በተቋቋመው የግብርና ልማት ድርጅት በካዱ፣ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ነው፤ እነሆ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በፈለሰፈችው ቁልፍ ሳሎን ገባች።

ሳንቃው ጥሬ እንጨት እንዳልሆነም ይወቁ። መካከሉ የእንጨት ቃጫ ከሙጫ ጋር በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ የተሠራ ነው፤ አንድ ሜትር ኩቡ ከ800 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በላዩ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት፣ ከወረቀቱ በላይ ጭረት የሚችል ጠንካራ ሽፋን አለ። ከላይ ብረት ቢጤ ነው፤ በጠርዙ በኩል ውሃ ከገባበት ግን ቃጫው ይጠጣና ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም።

ከመግዛትዎ በፊት በሩን ይለኩ። ይህን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፓርኬው ከተነጠፈ በኋላ ነው። 8 ሚሊሜትር ሳንቃና ከሥሩ የሚነጠፈው 2 ሚሊሜትር ስፖንጅ ሲደመሩ ወለሉን በ1 ሴንቲሜትር ከፍ ያደርጉታል። በሩ የእንጨት ከሆነ ከታች መላግ ይቻላል። በእኛ አካባቢ እንደተለመደው የብረት በር ከሆነና ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ግን መላጊያ አይበግረውም፤ ወይ በግራይንደር ይቆረጣል ወይ ማጠፊያው ተነስቶ እንደገና ይበየዳል። ያ ደግሞ ብልጭታው አዲሱ ፓርኬ ላይ ከመርገፉ በፊት መሠራት አለበት።

ካርቶኑ ላይ ኤሲ ከሚል ምልክት ቀጥሎ ቁጥር አለ፤ ጭረት የመቻል ደረጃው ነው። ለመኝታ ቤት ኤሲ 3 ይበቃል። እንግዳ ለሚበዛበትና ጫማ ሳይወልቅ ለሚገባበት ሳሎን ኤሲ 4 ይሻላል፤ ከውጭ በጫማ የሚገባው ደረቅ አፈር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃልና። ውፍረቱ ከ8 ሚሊሜትር ባይወርድ ይመረጣል። ቀጭኑ ሲታይ ያው ቢመስልም ከንፈሩም አብሮ ይሳሳል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ሳሎንዎ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው እንበል፤ 14 ካሬ ይሆናል። ለቁርጥራጭ 10 ከመቶ ሲጨመር 15.4 ካሬ። አንዱ ሳንቃ 121.5 ሴንቲሜትር ርዝመትና 19.5 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ካርቶኑም 8 ሳንቃ ቢይዝ፣ አንድ ካርቶን 1.9 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። 9 ካርቶን ይግዙ። ሁሉም የአንድ ጊዜ ምርት መሆናቸውን ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ያረጋግጡ። ሁለት ሳንቃ ጎድሎብዎ እንደገና ከተማ ቢወርዱ ያው ቀለም ላይገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ሊሾው። በደጋ ቤት ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። ብዙው ወለላችን ድንጋይ ከተነጠፈበት በኋላ በቀጥታ ሲሚንቶ የተለሰነበት ነው፤ ከሥር ላስቲክ የለውም። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውሃ ይጠግባል፣ ሲሚንቶውም ያንን እርጥበት ቀስ እያለ ሽቅብ ይመጠዋል። በዓይን የማይታየው ሊሾው ክፍት ሆኖ እርጥበቱ ወደ አየር ስለሚተን ነው። ፓርኬ ሲተኛበት መውጫው ይዘጋል።

መሞከሪያው ርካሽ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ አንጥፈው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉትና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይተዉት። ሲገልጡት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ቤቱ ገና ነው። ፈተናውን በጥር ብቻ አድርገው አይዘናጉ፤ የሚያጋልጠው የነሐሴው ነው። አዲስ ሊሾ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ውፍረት በትንሹ አንድ ሳምንት፣ ከአራት ሴንቲሜትር በላይ ላለው ሁለት ሁለት ሳምንት መጠበቅ የቆየ የግንበኞች ልማድ ነው። ያ ግን ለደረቅ አየር የሚነገር ነው። ጭጋግ በማይጠፋበት ወቅት የተለሰነ ሊሾ ከዚህም በላይ ይቆያል፤ አናጢው «ደርቋል፣ ችግር የለውም» ቢልም ላስቲኩን ያምኑ።

ቀጥሎ ደልዳላነቱ። ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ስታጃ ወለሉ ላይ በየአቅጣጫው ያጋድሙ፤ ከሥሩ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት የሚያሳይ ቦታ ካለ መስተካከል አለበት። ጉብታው ይፈቀፈቃል፣ ጎድጓዳው በሲሚንቶ ልስን ይሞላል። ወለሉ ወደ አንድ ወገን በጥቂቱ ቢያዘነብል ፓርኬው ግድ የለውም፤ ውሃ ልክ መሆን አያስፈልገውም፣ ሞገድ ብቻ አይኑርበት። ምክንያቱን አሁን ቁልፉን ስላዩ ይገባዎታል። ከሥሩ ባዶ የሆነ መጋጠሚያ በተረገጠ ቁጥር ከንፈሩ ይታጠፋል፣ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ይከፈታል። አንዳንዱ ይህን ለማካካስ ወፍራም ስፖንጅ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ያነጥፋል፤ ያ ጉድጓዱን ወደ ክፍሉ ሁሉ ማዳረስ ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነው ለዚሁ የተሠራው ስፖንጅ ይበቃል።

ወለልዎ ከአባት የቆየ የጣውላ ወለል ከሆነስ? ይቻላል። የላላውን ጣውላ በምስማር ወይም በብሎን አጥብቀው፣ የተነሳውን ልገው፣ ስፖንጅ ብቻ ያንጥፉ። ላስቲኩን ግን ይተዉት፤ ከሥር የሚመጣውን ትነት አፍኖ ጣውላውን ያበሰብሰዋል። አዲሱ ፓርኬም ከአሮጌው ጣውላ ጋር ተሻጋሪ ሆኖ ቢነጠፍ ይሻላል። በእበት የተለቀለቀ የአፈር ወለል ላይ ግን ምንም ቢደረግ አይሆንም፤ መጀመሪያ ሊሾ ይሠራ።

ካርቶኖቹ ቤት ከገቡ በኋላ ሳይከፈቱ፣ ሳይቆሙ፣ የሚነጠፉበት ክፍል ውስጥ ለ48 ሰዓት ይተኙ። ቃጫው የክፍሉን አየር ይለምዳል። ከሞቃታማው አዳማ ተጭኖ ደጋ የወጣ ካርቶን በደረሰበት ዕለት ቢነጠፍ መጠኑ የሚለወጠው ከተቆለፈ በኋላ ነው።

ሥራው ሲጀመር ሊሾው በደንብ ይጠረግ፤ ከዚያ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ይነጠፍ። ሁለት ላስቲክ ሲገናኝ 20 ሴንቲሜትር ይደራረብና በፕላስተር ይታሸግ፤ በግድግዳው ሥርም ጥቂት ሽቅብ ይታጠፍ። በላዩ ስፖንጁ ሳይደራረብ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ይዘርጋ። ሳንቃዎቹ ከዋናው መስኮት በሚገባው ብርሃን አቅጣጫ ቢነጠፉ መጋጠሚያው ጥላ አይጥልም፤ ክፍሉ ጠባብና ረጅም ከሆነ ግን ርዝመቱን መከተሉ ይሻላል።

ከመጀመሪያው ሳንቃ በፊት የመጨረሻውን ረድፍ ያስሉ። ከላይ ባልነው 3.5 ሜትር ስፋት፣ በግራና በቀኝ ግድግዳው ሥር ለሚተወው ክፍተት አንድ አንድ ሴንቲሜትር ሲቀነስ 348 ሴንቲሜትር ይቀራል። 17 ሙሉ ረድፍ 331.5 ይይዛል፣ የመጨረሻው ረድፍ 16.5 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ መልካም ነው። ክፍሉ 3.35 ሜትር ቢሆን ኖሮ ግን ለመጨረሻው ረድፍ የሚተርፈው 1.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር፤ ያን የሚያህል ቁራጭ አይቆለፍም፣ አይቆምም። እንዲህ ሲሆን 19.5 እና 1.5 ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ረድፍ 10.5 ሴንቲሜትር ሆነው ይቆረጣሉ። ከ5 ሴንቲሜትር የጠበበ ረድፍ አይኑር።

ያ የአንድ ሴንቲሜትር ክፍተት ለምን አስፈለገ? ፓርኬው በዓመቱ ውስጥ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር ነው። አየሩ ከበጋው ደረቅ ወደ ክረምቱ እርጥብ ሲለወጥ አንድ ሜትር ፓርኬ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል። ሳንቃዎቹ ተቆላልፈው አንድ ስለሆኑ እንቅስቃሴያቸው እየተደመረ ግድግዳው ጋ ይወጣል። ክፍተት ካጣ ወለሉ መሄጃ አጥቶ መሃል ላይ እንደ ድንኳን ይነሳል። በጥርና በየካቲት የምታነጥፉ ሰዎች ሴንቲሜትሩን አትሰስቱ፤ ፓርኬው በዚያን ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ ያጠረበት ነው። ክፍተቱን ለመጠበቅ ከግድግዳውና ከሳንቃው መካከል 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው የእንጨት ሽብልቆች በየተወሰነ ርቀት ይሰኩ። ክፍሉ በአንድ ወገን ከ8 ወይም ከ10 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ በሩ ጋ ወይም መሃል ላይ ተቆርጦ በማያያዣ ዘንግ ይሸፈን። ዘንጉ በብሎን የሚያዘው ሊሾው ላይ ነው፤ ብሎኑ ሳንቃውን እንዳይነካ።

የመጀመሪያው ረድፍ ምላስ ወደ ግድግዳው ይዙርና ተቆርጦ ይነሳ። በ4 ሜትሩ ርዝመት፣ ክፍተቱ ሲቀነስ 398 ሴንቲሜትር አለን። ሦስት ሙሉ ሳንቃ ከገባ በኋላ 33.5 ሴንቲሜትር ይጎድላል። አራተኛውን ሳንቃ ይቁረጡ፤ የተረፈው 88 ሴንቲሜትር ሁለተኛውን ረድፍ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ሦስተኛው ረድፍ በ54.5 ይጀምራል፤ የአጫጭር ጎኖቹ መጋጠሚያም በየረድፉ በ33.5 ሴንቲሜትር ይራራቃል። ለአራተኛው ረድፍ የሚተርፈው 21 ሴንቲሜትር ስለሆነ ይጣልና በአዲስ ቁራጭ ይጀመር። ከ30 ሴንቲሜትር ያነሰ መራራቅ ወለሉን ያላላዋል፣ ለዓይንም ደስ አይልም። በእጅ መጋዝ ሲቆርጡ የሳንቃው ፊት ወደ ላይ ይሁን፤ በኤሌክትሪክ መጋዝ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ወደ ታች፤ ጥርሱ ሽፋኑን እንዳይፈለቅቀው።

ረጅሙ ጎን በዘንበል እንደሚገባ አይተናል። አጭሩ ጎን ሁለት ዓይነት ነው። ጫፉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ምላስ ካለበት ረጅሙን ጎን አዘንብለው አስገብተው ሲያስተኙት አጭሩ ከላይ ሲጫኑት ብቻ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ፕላስቲክ ከሌለበት አጭሩም በዘንበል ነው የሚገባው፤ ስለዚህ የረድፉ ሳንቃዎች ቀድመው ጫፍ ለጫፍ ይገጠሙና ረድፉ በሙሉ፣ ከተቻለ በሁለት ሰው፣ አንድ ላይ ተነስቶ ከፊተኛው ረድፍ ጋር ይቆለፋል። አንዱን ዓይነት በሌላው መንገድ የሚደበድብ ሰው የሚሰብረው ያችኑ ከንፈር ነው። አልገባ ካለ መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት ቦዩን ይመልከቱ፤ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ውስጡ የመጋዝ ብናኝ አለ። ማንኳኳት የግድ ከሆነ ጠርዙ በቀጥታ አይመታም፤ ቁራጭ ሳንቃ ቦዩ ላይ ገጥመው ያንን በቀስታ ያንኳኩ። የተዘጋ መጋጠሚያ ላይ ጥፍር ሲያልፍ መሰላል አይሰማም። ከተሰማ አንሥተው እንደገና ያስገቡት፤ ሦስት ረድፍ ካለፈ በኋላ ለማረም ያንን ሁሉ መፍታት ነው።

የበር መቃኑ የእንጨት ከሆነ ከሥሩ በሳንቃውና በስፖንጁ ውፍረት ልክ ይቆረጥና ሳንቃው ከሥሩ ይግባ። የብረት መቃን አይቆረጥም፤ ሳንቃው በመቃኑ ቅርጽ ተቆርጦ ክፍተቱ ይጠበቅና በሲሊኮን ይደፈን። የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ስለማይል የመጨረሻው ረድፍ በሦስት አራት ቦታ ለየብቻው ተለክቶ ይቆረጥ፤ መዶሻ ስለማያስገባም በጎባጣ መጎተቻ ብረት ይሳብ።

ሽብልቆቹ ይነቀሉና ክፍተቱን የሚሸፍነው ዞኮሎ ይገጠም። ዞኮሎው የሚመታው ግድግዳው ላይ ነው፣ በፍጹም ፓርኬው ላይ አይደለም። ግድግዳና ወለል መካከል ያለውን ክፍተት «ለብርድ» ብሎ በስቱኮ ወይም በሲሚንቶ የሚሞላ ሰው አያጡም፤ እንዳይፈቅዱለት። የበር ማቆሚያ ጎማም ፓርኬውን አልፎ ሊሾው ላይ በብሎን ቢጠብቅ ያ አንድ ነጥብ ወለሉን ይቸነክረዋል፤ ግድግዳው ላይ ይሁን። ቡፌና ቁም ሣጥን ችግር የላቸውም፣ ከተቻለ ግን ሁለት ከባድ ዕቃ ትይዩ በሆኑ ግድግዳዎች ሥር አይቁም።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ነው። ለቡና የሚነሰነሰው ቄጠማ ከወንዝ ዳር እንደመጣ እርጥብ ነው፤ ለሰዓታት መጋጠሚያው ላይ ተኝቶ ውሃውን ያንጠባጥባል። አራግፈው፣ ውሃውን አንጠፍጥፈው ይነስንሱ፤ ካልሆነ ከሥሩ ምንጣፍ ያድርጉ። የከሰል ምድጃውና የዕጣን ማጨሻው ሰፋ ባለ ትሪ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ። የወደቀ ፍም ላዩን ሽፋን በአንድ አፍታ ያጠቁረዋል፣ ያ ደግሞ አይፋቅም። ጽዳቱ በመጥረጊያና ተጨምቆ በደረቀ ጨርቅ ነው፤ በባልዲ ውሃ አፍስሶ መወልወል ለሴራሚክ ይቅር። ለኩሽናና ውሃ ለሚደፋበት ቦታ ኤስፒሲ የሚባለው ከፕላስቲክና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ አለ። ቁልፉ ተመሳሳይ ነው፣ ውሃም አያሳብጠውም፤ ቀጭን ስለሆነ ግን የሊሾ ሞገድን ከላሚኔቱም ያነሰ ይታገሣል።

አንድ ሳንቃ ከተበላሸ ወለሉ በሙሉ አይነሳም። ቅርብ ካለው ግድግዳ ዞኮሎው ይነቀልና ረድፎቹ እንደገቡበት በዘንበል እየተፈቱ እስከ ተበላሸው ድረስ ይሄዳሉ፤ በተፈቱበት ቅደም ተከተልም ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጻፍባቸው። ፕላስቲክ ምላስ ያላቸው አጭር ጎኖች ሽቅብ ሲነሱ ስለሚሰበሩ መጀመሪያ ረድፉን ቀና አድርገው ከፈቱ በኋላ በርዝመታቸው ተንሸራትተው ይለያዩ። የሚተካው ከዘጠኙ ካርቶን ከተረፉት ሳንቃዎች ነው። እነሱን እዚያው ቤት ውስጥ፣ አልጋ ሥር ጠፍጣፋ አድርገው ያስቀምጡ፤ ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ከቆሙ ይጎብጣሉ፣ የጎበጠ ሳንቃ ደግሞ አይቆለፍም።